ድኳኔን የወሰደው ሰውዬ

ባለፈው ሰሞን እቴቴ በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ላኩልኝ። ከሥሩ የድምፅ መልእክት አለ። «ልጄ፣ እስቲ ይሄን አንብበው። መጻፍ ማለት እንዲህ ነው! አንተም ዝም ብለህ ስልክህ ላይ ከምታፈጥ እንዲህ ያለ ነገር ብትሞክር ምናለ?»

ከፈትኩት። ጽሑፉ የኔ ነው።

የኔን ይመስላል ማለቴ አይደለም። ራሱ ነው። ከሦስት ወር በፊት ስለ ሰፈራችን እድር የጻፍኩት። «እድር ማለት በቁምህ ሰላም የማይልህ ጎረቤት ስትሞት እንዲያለቅስልህ በየወሩ የምትከፍለው ገንዘብ ነው» የምትለዋ፣ ያኔ ሰው ሁሉ የሳቀባት መስመር፣ እንዳለች አለች። በችኮላ «ድንኳኑ» ለማለት «ድኳኑ» ብዬ የጻፍኳት እንኳ ከነጉድለቷ ተቀምጣለች። የጠፋው ስሜ ብቻ ነው። በስሜ ቦታ መነጽር ያደረገ ሰውዬ እጁን አገጩ ላይ ደግፎ ሩቅ ያያል። ከፎቶው ሥር ምን ቢል ጥሩ ነው? «ያለ ደራሲው ፈቃድ መቅዳት በሕግ ያስጠይቃል።»

እቴቴ ጋ ደወልኩ። «እቴቴ፣ ያ የላኩልኝ ጽሑፍ እኮ የኔ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ተው ልጄ። የሰው ነገር የኔ ነው አይባልም። እኛ ቤት ሌባ ወጥቶ አያውቅም» አሉኝ።

ለሰውዬው ጻፍኩለት። በትሕትና ነው የጻፍኩት። «ወንድሜ፣ ቢያንስ ስሜን ብትጠቅስ?» አልኩት። መልሱ ወዲያው መጣ። «ምን ችግር አለው ብሮ? እንዲያውም ለሕዝብ አደረስኩልህ እኮ! አንተ ጋ አርባ ሰው ነው ያየው።» የሚያናድደው እውነቱን መሆኑ ነው። ቀጠለና፣ «ደግሞ ፌር ዩዝ ነው» አለኝ።

ፌር ዩዝ የሰውን ሥራ ያለ ፈቃድ በልኩ መጠቀም አንዳንዴ የሚፈቅድ የአሜሪካ ሕግ ነው። በነሱ አቆጣጠር በ1976 በወጣው የቅጂ መብት ሕጋቸው ውስጥ ተጽፏል። ዳኛው አራት ነገር ይመዝናል። ለምን ዓላማ ተወሰደ? የተወሰደው ሥራ ምን ዓይነት ነው? ምን ያህሉ ተወሰደ? የባለቤቱን ገበያስ ይጎዳል ወይ? እኔም ቁጭ ብዬ ሰውዬውን መዘንኩት። ዓላማው፣ ላይክ። ዓይነቱ፣ እድር። መጠኑ፣ ከነድኳኑ። ገበያ የሚለው ላይ ግን ተረታሁ። ገበያ ኖሮኝ አያውቅም።

ለነገሩ አሜሪካ ድረስ ምን አስኬደኝ? እኛም ሕግ አለን። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል። አንድ ሌሊት እሱን ሳነብ አደርኩ። ልቤ ተነካ። አዋጁ ጥበቃ ለማግኘት ተመዝገብ፣ ማህተም አስመታ አይልም። ሥራው የራስህ ይሁን እንጂ፣ ከተጻፈ ወይም ከተቀዳ በቃ፣ ተጠብቋል። ቡና ላይ የተወራ ወሬ ግን አይቆጠርም። እሷን ቶሎ ብዬ አለፍኳት። የሥራው ጥራትም አይጠየቅም ይላል። እዚህ ጋ ቆም ብዬ የሕግ አርቃቂዎቹን መረቅኩ። እኔን ሳያውቁኝ አስበውልኛል።

ጥበቃው ደራሲው ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። እድሬ ቀብሮኝ፣ ሠልስት አብልቶ ይመለሳል። ስለ እድር የጻፍኩት ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ይከተለኛል። ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ደግሞ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ተጽፏል። እንቅልፌ ጨርሶ ጠፋ። ሳይነጋ ብሩን በልቤ አከፋፍዬ ጨረስኩት። የቤት ኪራይ፣ ጫማ፣ ለእቴቴ አንድ ጥሩ ነጠላ። ምነው አሥር ሰው በሰረቀኝ አልኩ።

መጥቀስን በተመለከተ ሕጉ ደግ ነው። ለሕዝብ ከወጣ ሥራ ቀንጨብ አድርጎ የሚጠቅስን ሰው ባለቤቱ ልከልክል ቢል አይችልም። ግን የተጠቀሰው ለተጠቀሰበት ጉዳይ ከሚበቃው በላይ እንዳይሆን፣ ምንጩና የደራሲው ስምም እንዲነገር ያዛል። በነገራችን ላይ የሕግ ጽሑፍ ራሱ የቅጂ መብት ጥበቃ የለውም። አዋጁን ማንም እንደፈለገ መቅዳት ይችላል። እሱን ግን የሚቀዳው አላየሁም።

ይሄን ሁሉ እናቶቻችን ያለ አዋጅ ያውቁታል። ሊጥ ልታቦካ ያለች ሴት እርሾ ቢያልቅባት ምን ታደርጋለች? ጎረቤት ሄዳ «እትዬ፣ እርሾ ይኖርዎታል?» ትላለች። በጣሳ ይሰጧታል። እሷ ውኃዋን፣ ጤፏን፣ ጉልበቷን ጨምራ የራሷን እንጀራ ትጋግራለች። እንጀራው አምሮ ከወጣም «እርሾው የእትዬ ነው» ትላለች። መጥቀስ ማለት ለኔ ይሄ ነው። የኔ ባለ መነጽር ግን እርሾ አልጠየቀም። በር ከፍቶ ገባ፤ ከሞሰቡ የተጋገረውን በሙሉ አወጣ፤ ሞሰቡ ላይ ፎቶውን ለጠፈ።

«መዝረፍ» የሚለው ቃል ራሱ ግራ ያጋባል። ቅኔ ቤት «ቅኔ ዘረፈ» ሲባል ሰውየው ከራሱ አፍልቆ አዲስ ቅኔ ተናገረ ማለት ነው። ዘራፊው ይመረቃል። እኛ ጋ ዘራፊው «ሼር አድርጉት» ይላል።

ምንጭ መጥቀስ የማናውቅ ሕዝብ ግን አይደለንም። የምንጠቅሰው ሙት ብቻ መሆኑ ነው እንጂ። «አበው እንዲሉ» ሳይል ስብሰባ የሚከፍት ሰው አታገኙም። አበው ስምን ዘለልክ ብለው አይከሱ፣ 100,000 ብር አይጠይቁ። ነገሩ ከበድ እንዲል ከተፈለገ ለአንስታይን ይሰጣል። ቀልድ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ታውቋል፤ አለቃ ገብረ ሃና ናቸው። ትናንት ታክሲ ውስጥ ረዳቱ የፈጠረው ቀልድ ማታ የአለቃ ሆኖ ይመጣል። አንድ ቀን አለቃ በባቡር ሲሄዱ ተሳፋሪውን ምን እንዳሉት የሚተርክ ቀልድ ደርሶኛል። የከተማውን ቀላል ባቡር ነው የሚለው። አለቃ ከቴዎድሮስ እስከ ምኒልክ ዘመን የኖሩ ሰው ናቸው!

የሚገርመው፣ እውነት የሳቸው የሆነው በሳቸው ስም አለመጠራቱ ነው። አለቃ የቅኔና የአቋቋም፣ ማለትም ካህናት መቋሚያ ይዘው እያሸበሸቡ የሚዘምሩት ዜማ፣ ሊቅ ነበሩ። የተክሌ አቋቋም የሚባለውን ያፈለቁት እሳቸው ናቸው ይባላል። ተክሌ ግን ልጃቸው ነው፤ ከአባቱ ተምሮ አስተማረውና በሱ ስም ቀረ። የሰው ቀልድ ተሰጥቷቸው የራሳቸው ዝማሜ ለሌላ ተጻፈ። ደግነቱ ለልጅ ነው።

ወደ ሰውዬዬ ልመለስ። ከሳምንት በኋላ ራሱ ጻፈልኝ። ይቅርታ ሊለኝ ነው ብዬ ቶሎ ከፈትኩት። ለካ ጽሑፌን ሲወስድ የመጨረሻዋን መስመርም ወስዷታል። «በሚቀጥለው ስለ እቁባችን እመለስበታለሁ» የምትለዋን። «ብሮ» ይላል፣ «የእቁቡ መቼ ነው የሚወጣው? ተከታዮቼ እያስጨነቁኝ ነው።»

አልመለስኩለትም። ለክስ የሚሆን ማስረጃ ማደራጀት ጀመርኩ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ድኳኑን።

እሁድ እቴቴ ጋ ለቡና ሄድኩ። ዛሬ ሁሉንም አስረድቼ ስሜን አጠራለሁ ብዬ ነው የሄድኩት። ጽሑፉን በስልካቸው ከፍተው ለጎረቤት እያነበቡ ደረስኩ። ሁለተኛውን ቡና ቀድተውልኝ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ ሰውዬ ጎበዝ ነው፤ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ» አሉ። «ይቺ ስትሞት እንዲያለቅስልህ ምናምን የምትለዋን እኮ እኔ ነኝ ያልኳት! አስታወስክ? አምና ለቅሶ ቤት፣ አንተ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ስትስቅ ነበር። ይሄ ባለ መነጽር ከየት ሰማኝ?»

ጎረቤቶቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ።

«እንጃ እቴቴ» አልኩ ሲኒዬን እያየሁ። «ቡናው ግን ዛሬ እንዴት አድርገው ቢቆሉት ነው?»