ወጣቱ ያጣው ተያዥ እንጂ ፍላጎት አይደለም

ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ የሚመጣው ወጣት ሙያ አይወድም፣ አቋራጭ ነው የሚፈልገው የሚል ወቀሳ ሰሞኑን እንደገና እየሰማን ነው። ሐሰት ነው። አቋራጭ የሚፈልግ ልጅ ከንጋት ጀምሮ መርካቶ ላይ ኩንታል አይሸከምም።

በቴክኒክና ሙያ የትብብር ሥልጠና አሠራር 70 በመቶው ሥልጠና በድርጅት፣ 30 በመቶው በማሠልጠኛ ተቋም ይሰጣል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ድርጅቱ በር ላይ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ተያዥ ነው። መሣሪያ ይዘህ ብትጠፋ የሚጠየቅልህ፣ ደመወዝተኛ የሆነ፣ የከተማዋ መታወቂያ ያለው ሰው አምጣ ይባላል። እዚህ ያደገው ልጅ አጎቱን ይጠራል። ከጎጃም ወይም ከወላይታ ትናንት የመጣው ማንን ይጥራ? ከፍሎ የሚያድርበትን ቤት ባለቤት?

ብየዳን እንውሰድ። 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ፣ እየቀለጠ ብረቱን የሚያያይዘው ዘንግ፣ ከ90 እስከ 130 አምፔር ይፈልጋል። ሲያንስ ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ ይጣበቃል፤ ሲበዛ ስሱን ላሜራ ይበሳዋል። እርጥበት የነካው ኤሌክትሮድ ብየዳውን ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል። ስላጉ፣ ብየዳው ላይ የሚቀረው ቅርፊት፣ በደንብ ሳይጠረግ ሁለተኛ ዙር ከተደረበ ቆሻሻው ውስጥ ይቀራል፣ መጋጠሚያውም እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ይህን ከደብተር የለመደ የለም። እጅ የሚፈታው ኤሌክትሮድ በኪሎ ሲቃጠል ነው። አንዷ ፍሬ ከአንድ ደቂቃ ብዙም ሳታልፍ ታልቃለች፤ በተቋሙ ውስጥ አንድ ማሽን በወረፋ የሚጠብቅ ሰልጣኝ በቀን ስንት ይደርሰዋል? ተያዥ ያለው ጓደኛው በዚያ ሰዓት ወርክሾፕ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በርና መስኮት እየበየደ ነው።

ሲኦሲ የሚሉት የሙያ ብቃት ምዘና ሲመጣ ሁለቱም እኩል ይቀርባሉ። መዛኙ የሚያየው ብየዳውን ነው፤ ተያዥ ነበረህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። አንደኛው ብቁ ይባላል፣ ሌላው ገና ብቁ አይደለም ተብሎ ይመለሳል። ከዚያ ወደ ሸክሙ ሲመለስ ሙያ ጠላ ይሉታል። ይህ ነው የሚያንገበግበው!

ባለ ወርክሾፑ ግራይንደርና ድሪል እንደሚጠፋበት አውቃለሁ። ማንነት ለማወቅ ከሆነ ግን ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ አለ። ለጠፋው ዕቃ ደግሞ የላከው ተቋም ራሱ ተያዥ ይሁን። ሰልጣኙ፣ ድርጅቱና ተቋሙ በሚፈርሙት ውል ላይ ሁለት መስመር ይጨመር፦ ዕቃ ሲጠፋ ተቋሙ ይተካል፤ ድርጅቱም ከሰልጣኝ የግል ዋስ አይጠይቅም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ዜጋ በመረጠው የሀገሪቱ ክፍል እንዲኖር ሲፈቅድ እዚያ አጎት ይኑረው አላለም።