ማስተካከያ፦ የሪችመንድ ትራም በዓለም የመጀመሪያው አይደለም

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት በሪችመንድ ከተማ ስለነበረው የትራም ኩባንያ ስለ ሪችመንድ ዩኒየን ፓሴንጀር ሬልዌይ በቀረበው ጽሑፍ፣ ኩባንያው የዓለምን የመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ትራም እንዳስጀመረ ተገልጿል። ይህ ይታረም። የጀርመኑ ኩባንያ ሲመንስ በበርሊን አቅራቢያ በሊችተርፌልደ በ1881 እ.ኤ.አ. ትራም አስጀምሯል፤ የሪችመንዱ ሥራ የጀመረው በፌብሩዋሪ 1888 ነው።

ሪችመንድን ሊያስመሰግነው የሚገባው አሠራሩ ነው። በሊችተርፌልደ 180 ቮልት ያህል በሁለቱ ሐዲዶች ስለሚያልፍ፣ መንገድ የሚያቋርጡ ፈረሶችን ኤሌክትሪክ ይይዛቸው ነበር። የሪችመንዱን ትራም የሠራው መሐንዲስ ፍራንክ ስፕራግ ግን ሽቦውን ከላይ ዘረጋ፤ ከትራሙ ጣሪያ የሚነሣው ዘንግ በሞላ ኃይል እየተገፋ፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ መንኮራኩር ከሽቦው ሥር ያጣብቃታል። ሞተሩንም በአንድ ወገን በአክስሉ (ግራና ቀኝ መንኮራኩሮችን በሚያገናኘው ብረት) ላይ አሳርፎ በሌላው በሞላ አንጠለጠለው፤ ስለዚህ ሐዲዱ ወጣ ገባ ቢሆንም የሞተሩና የአክስሉ ጥርሶች እንደተያያዙ ይዞራሉ። ይህ ዘዴ በ40 ትራሞች ላይ ሠርቷል።