ዓሣውን ሳይሆን ድቡን መመልከት

በአላስካ ካትማይ ብሔራዊ ፓርክ፣ ብሩክስ ፏፏቴ ላይ ሳልመን የተባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ቡናማ ድቦችን ፎቶ ስለማንሳት የቀረበውን ጽሑፍ በደስታ አነበብሁት፤ ሆኖም «ዋናው ነገር ረጅም ሌንስ ነው» የሚለውን ሐሳብ መቀበል ይከብደኛል። የፏፏቴው ከፍታ 2 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ሳልመኑ ከአረፋው ተፈናጥሮ አየር ላይ የሚታየው ለቅጽበት ብቻ ነው፤ ዓሣውን ካየ በኋላ ካሜራውን የሚጫን ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቀረው ባዶ ውኃ ነው። ስለዚህ ዓይን ማረፍ ያለበት ድቡ ላይ ነው፤ አንገቱን አስግጎ አፉን መክፈት ሲጀምር፣ የሹተሩን (ብርሃን ለማስገባት የሚከፈተውንና የሚዘጋውን የካሜራ ክፍል) ፍጥነት አስቀድሞ ቢያንስ 1/1000 ሰከንድ ላይ አድርጎ በተከታታይ ማንሳት ይሻላል። ጥቁር ቡናማ ጸጉርና ነጭ አረፋ አንድ ላይ ሲገቡ ብርሃን መለካት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ጽሑፉ አለማንሳቱም ጎድሎታል።

ከሁሉ ይልቅ ቅር ያሰኘኝ ግን ከድብ ቢያንስ 50 ያርድ፣ ማለትም 45 ሜትር ገደማ፣ መራቅን የሚያዝዘው የፓርኩ ደንብ በግማሽ ዐረፍተ ነገር መታለፉ ነው። ድቦቹ በዚያ ወንዝ የሚበሉት ለወራት ምግብ ሳይቀምሱ በጉድጓድ ለሚያሳልፉት ክረምት የሚሆናቸውን ስብ ለማጠራቀም ነው፤ ግልገሎች ያሏት እናት ደግሞ ሰው ሲጠጋት ያጠመደችውን ጥላ ልትሄድ ትችላለች።