በሕግ አምላክ፣ ሺህ ብር ብቻ?

አያቴ ሰው ሲደባደብ ካየች ከደጅ ሆና «በሕግ አምላክ!» ትል ነበር። ይቆማሉ። ወራጅ ውሃ እንኳ ይቆማል ይባል የለ? ያንን ክብር አይቼ ስላደግኩ ይሆናል አሁን የሚያንገበግበኝ።

እዚህ ሐዋሳ ጎረቤቴ የሆኑ እናት ልጃቸውን መኪና ገጭቶ ገደለባቸው። ስለ ካሳው ሲጠይቁ ጠበቃው ለሐዘናቸው የሚገባውን ወረቀት ላይ ጻፈላቸው፦ 1,000 ብር። ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩት። የቀረ ዜሮ ይኖራል ብለው መሰለኝ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 ለኅሊና ጉዳት፣ ማለትም ለሐዘንና ለልብ ስብራት፣ ከዚህ በላይ አይፈቅድም። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሺህ ብር በሬዎች ይገዛ ነበር። ዛሬ ሐይቁ ዳር ካለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄደን ሦስት ሆነን ዓሣ ብንበላ ለባጃጅ መመለሻ አይተርፈንም። የቤተሰብ ሕጉ እኮ በ1992 ተሻሽሏል። ይቺን አንዲት ቁጥር ማን ፈራት?

ሕግ ይቅር አላልኩም። የትራፊክ መብራት ሲጠፋ መስቀለኛው ላይ ባጃጆቹ የሚሆኑትን ያየ ሰው እንደዚያ አይልም። ግን ዳኛው እጁ ታስሮ ምን ይፍረድ? ጣሪያውን አንሱለትና እንደ ጉዳቱ ይመዝን። ለሺህ ብር ስንት ቀጠሮ፣ ስንት ፎቶ ኮፒ!

እናትየው «ለሙት ዓመቱ ሻማ እገዛበታለሁ» አሉኝ። ሻማም ተወዷል።