በማውስ የታጠበ ፊት

ደሴ ላይ በመልኩ የሚያፍር ሰው ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ፎቶ ቤቶቻችን እያሉለት! ከፒያሳ ቁልቁል ስንት ጠባሳና ስንት ሽበት በየቀኑ በማውስ እንደሚቀበር የሚያውቅ ሰው በደጃቸው ሲያልፍ እጅ ይነሣል። ዘፋኝ ሁሉ ያሞገሰው ፍንጭት እንኳ ያለ ጭማሪ ክፍያ ይደፈናል።

ኮቷም ምስጋናዋን ታግኝ። ምስማር ላይ የምትውለው፣ አንገትጌዋ በሰው ላብ ያብለጨለጨው ጥቁር ኮት። ተማሪውም፣ የባጃጅ ሹፌሩም፣ ሙሽራውም ይለብሷታል፤ የሰፋችው ከጀርባ በልብስ መቆንጠጫ ትያዛለች። ጉርድ ፎቶ ነውና ከታች ነጠላ ጫማ ቢሆን ማን አየ?

ብርሃን ከጎን ሲመጣ የፊትን ዳገትና ቁልቁለት ያወጣል ይላሉ አዋቂ ነን ባዮች። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉምም ብርሃኑን አለስልሶ በነፃ ያቀርባል። የኛዎቹ ግን መጋረጃውን ዘግተው ሁለት መብራት ፊት ለፊት ይለቁብናል። አፍንጫ ጥላ ካጣ ይጠፋል ትሉ ይሆናል። ይጥፋ! አፍንጫ ለጉርድ ፎቶ ምን ይሠራል?

በቀደም አንዲት እናት ውጭ አገር ላለ ልጃቸው የሚልኩት ፎቶ ተነሡ። «አብሽሪ እማ፣ አጠራዋለሁ» አላቸው የፎቶ ቤቱ ልጅ። የአንገታቸውን ንቅሳት አጠፋ። ዓይናቸው ዳር የነበረውን የሳቅና የጭስ መስመር ደመሰሰ። ቆዳቸውን ሁለት ደረጃ አቀላው። እናትዬዋ ወደ ኮምፒዩተሩ ጠጋ ብለው፣ «በስመ አብ! ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት? አግብታለች?» አሉ። ልጁ ምርቃት መስሎት ሁለት ኮፒ ጨመረላቸው።

ዩሱፍ ካርሽ የሚባል ሞኝ አርመናዊ ፎቶ አንሺ ነበር። በ1941 እ.ኤ.አ. ኦታዋ ላይ የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችልን ሊያነሣ ቀርቦ፣ ሰውዬው ሲጋሩን አላወርድም ቢል ከአፉ ላይ መንጭቆ ወሰደበት። ቸርችል ሲያፈጥበት ቀጭ አደረገው። ያ ግልምጫ ዛሬ የእንግሊዝ ባለ 5 ፓውንድ ኖት ላይ አለ። ምን አለፋው? እኛ ጋ ቢመጣ ሲጋሩን በማውስ አንሥተን፣ ግንባሩን ተኩሰን፣ ከሌላ ደንበኛ ፈገግታ ተውሰን፣ ከኋላው የዱባይን ፎቅ እንተክልለት ነበር።

ትልቁ ውለታቸው ግን ለቅሶ ቤት ነው። የሰፈራችን አንድ አዛውንት አንድ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ነበር ሰው የሚያዩት፤ ብድር የጠየቃቸው ሁሉ ያቺን ዓይን ያውቃታል። ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀለው ፎቷቸው ላይ ሁለቱም ዓይኖች እኩል ተከፍተዋል፣ ሽበታቸው ጠቁሯል፤ ለብሰው የማያውቁትን ኮትም ለብሰዋል። ገንዘባቸውን ሳይመልስ የሞቱበት አንድ ጎረቤታችን ገና ሲገባ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ቀና ብሎ ፎቶውን ሲያይ ግን ፊቱ ፈካ፤ «እኚህን ሰውዬ እኮ አላውቃቸውም» ብሎ ካርታ ከሚጫወቱት ጋር ተቀላቀለ።