ክራሩ የአባቶች ነው፤ መጋጠሚያው ግን የማን ነው?

ድሬዳዋ በገባሁ በሦስተኛው ቀን የእህቴ ልጅ ጊታር ሊገዛ ታይዋን ወደሚባለው ገበያ ይዞኝ ሄደ። ነጋዴው ከመደርደሪያ ያወረደልን ጊታር፣ አካሉ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ዓለም የሚያውቀውን፣ የአሜሪካው አምራች የፌንደርን የስትራቶካስተር ጊታር ቅርጽ የያዘ ሲሆን፣ አናቱ ላይ ግን ሰምቼው የማላውቀው ስም ተጽፎበታል። ልጁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ኦሪጅናል ነው?» አለኝ። በአሜሪካ የቴነሲ ግዛት፣ በናሽቪል ከተማ የአውታር መሣሪያ እየጠገንሁ የምኖር ሰው ስለሆንሁ መልሱ አፌ ላይ መሆን ነበረበት። ሆኖም ጥያቄው በአንድ ቃል የሚመለስ አልነበረም።

የሌላውን ስም ለጥፎ መሸጥ በየትኛውም አገር ማጭበርበር ነው። ቅርጹን መከተል ግን የተለየ ጉዳይ ነው። ፌንደር የጊታሮቹን የአካል ቅርጽ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ባመለከተ ጊዜ ሌሎች አምራቾች ተባብረው ተቃወሙት። የአሜሪካ የንግድ ምልክት ይግባኝ ቦርድም እ.ኤ.አ. በ2009 ማመልከቻውን ውድቅ አደረገው፤ ቅርጹን ለአሥርት ዓመታት ብዙዎች ሲሠሩበት ስለኖሩ፣ ገዢው ሲያየው «ጊታር» ከማለት በቀር አንድን አምራች ለይቶ አያስብም የሚል ነበር ምክንያቱ። በአንጻሩ መቃኛዎቹ የሚተከሉበት የአናቱ ቅርጽ ተመዝግቦ የተጠበቀ ነው። ስለዚህ በታይዋን ገበያ ያየነው ጊታር አካሉ ማንንም አይበድልም፤ ጥያቄ የሚያስነሣው አናቱ ነው። ይህን ለልጁ ሳስረዳው ነጋዴውም ጆሮውን ጣል አድርጎ ይሰማ ነበር።

የናሽቪል ፍርድ ቤትም ይህን መሰል ክርክር አስተናግዷል። ጊብሰን የተባለው አምራች ሌስ ፖል የተባለውን ጊታር ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን፣ ቅርጹን በንግድ ምልክትነት ያስመዘገበው ግን በ1993 ነው። በ2000 ፖል ሪድ ስሚዝ የተባለውን አምራች ከሰሰ፤ በ2004 ናሽቪል ላይ ረታ፤ በ2005 ግን የይግባኙ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ሱቅ ገብቶ ጊታር የሚገዛ ሰው አንዱን ከሌላው እንደማያምታታ ጊብሰን ራሱ አምኖ ነበር። ይልቁንም ጭስ በሞላበት ቡና ቤት ውስጥ ከሩቅ የሚያይ ሰው ሊሳሳት ይችላል የሚል መከራከሪያ አቀረበ፤ ዳኞቹ አልተቀበሉትም። ፍላይንግ ቪ እና ኤክስፕሎረር በተባሉት የ1958 ቅርጾች ላይ ጊብሰን ያገኘውን ሌላ ፍርድ ደግሞ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2024 ሽሮ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አዝዟል፤ ሌሎች አምራቾች ቅርጾቹን ለረጅም ዘመን ሲጠቀሙባቸው መኖራቸውን የሚያሳየው ማስረጃ ለዳኝነት መቅረብ ነበረበት በማለት።

የእነዚህን ክርክሮች ታሪክ ሳነብ ከሁሉ ይልቅ የሚቆረቁረኝ መዘግየቱ ነው። አዲስ ቅርጽ የፈጠረ ሰው በጊዜው ካመለከተ ሕግ ለተወሰኑ ዓመታት፣ በአሜሪካ ዛሬ ለ15 ዓመት፣ ይጠብቀዋል። ዓመታት ዝም ብሎ በኋላ የመጣ ግን ቅርጹ የሁሉም ሆኖ ያገኘዋል።

ይህን እያሰላሰልሁ ሳቢያን ሰፈር ወዳለ አንድ የክራር ሠሪ ዘንድ ሄድሁ። እኚህ ሰው ከአራት ዓመት በፊት፣ ከውጭ አገር የምንመጣው ሰዎች ክራር በሻንጣ ስንጭን እየተሰበረብን መቸገራችንን አይተው፣ ሁለቱ ቋሚዎችና ቀንበሩ ከድምፅ ሳጥኑ ተነቅለው እንደገና የሚገጠሙበትን ክራር ሠሩ። መጋጠሚያው ያለ ሙጫና ያለ ምስማር ይይዛል፤ እጄ ላይ አድርጌ ደጋግሜ ነቅዬ ገጥሜዋለሁ፣ ቅኝቱንም ብዙ አልሳተም። ዓመት ሳይሞላ ሌላ ሰው እሱኑ መስሎ፣ በረከሰ እንጨት፣ በግማሽ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። «ለምን አላስመዘገቡትም?» ብላቸው፣ «አቦ፣ ክራር የአባቶቻችን ነው፤ ማንን ልከለክል?» አሉኝ።

አባባላቸው ልቤን ነካው፤ ሆኖም ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ክራሩ የአባቶች ነው፣ መጋጠሚያው ግን የእርሳቸው ነበር። ባለእጅን ሲንቅ በኖረ አገር ውስጥ ሠሪው ራሱ የጭንቅላቱን ፍሬ እንደ ንብረት አለመቁጠሩ አይገርመኝም፤ ያሳዝነኛል እንጂ። ሕጉ እንደሆነ አለ። አዋጅ ቁጥር 123/1987 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ለኢንዱስትሪያዊ ንድፍ 5 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ጥበቃው ሁለት ጊዜ በየ5 ዓመቱ ታድሶ እስከ 15 ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። ንድፍ የሚባለው ግን መልክ ነው፤ ለአሠራር ብቻ የሚያገለግለውን ክፍል አይሸፍንም። እንደዚህ ያለው መጋጠሚያ በአነስተኛ ፈጠራነት የሚቀርብ ሲሆን፣ ጥበቃው 5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 ይታደሳል። ሁለቱም ግን አዲስነትን ይጠይቃሉ፤ አራት ዓመት በአደባባይ ሲሸጥ የኖረን ዕቃ አዲስ ነው ብሎ ማስረዳት እጅግ ያስቸግራል።

ሐረር ጁገል ውስጥ በዚክሪ፣ ማለትም በሃይማኖታዊው ዝማሬ፣ ላይ የሚመታው ከረቡ የተባለው ከበሮ፣ እንደ ክራሩ ሁሉ፣ በማንም ስም መመዝገብ የለበትም ብዬ አምናለሁ። ይህ ባዶ ስጋት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ የፓተንት ቢሮ ስቲልፓን የተባለውን፣ ከብረት በርሜል የሚሠራውን የካሪቢያን የሙዚቃ መሣሪያ ማምረቻ ዘዴ ለሁለት አሜሪካውያን ፓተንት ሲሰጥ መሣሪያው የተወለደባት ትሪኒዳድ ተቆጥታ ነበር። ለሐረር ሰው ደግሞ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 «ሐረር» የሚለውን የቡና ስም ከሲዳሞና ከይርጋ ጨፌ ጋር በአሜሪካ ለማስመዝገብ ስታመለክት፣ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ሐረርና ሲዳሞ የወል መጠሪያ ሆነዋል ብሎ ተቃውሟል። ለጊታሩ ቅርጽ የተሰጠው መልስ ለቡናችንም ተሰጠ ማለት ነው። ኢትዮጵያ ግን አልተወችም፤ በ2007 ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር በስሞቹ አጠቃቀም ላይ ስምምነት ላይ ደርሳለች።

ከመመለሴ በፊት ክራር ሠሪው ወደ ጓዳ አስገብተው ሌላ ሥራ አሳዩኝ፤ ክራሩ የጥንት መልኩን ሳይለቅ፣ ከቀንበሩ ውስጥ የተደበቀ መቃኛ ያለው ነው። እንዴት እንደሚሠራ እዚህ አልጽፍም። ለማመልከቻው የሚሆነውን ሥዕል ከየአቅጣጫው በልኬት እያነሣን ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ አብረን ተቀመጥን፤ የእህቴ ልጅም ጽሑፉን በንጹሕ ገለበጠልን። ወረቀቱ አዲስ አበባ ገብቶ የማመልከቻ ቁጥር እስኪሰጠው ድረስ፣ ክራሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከጓዳው በር ጀርባ ይሰቀላል።