ያቺ ቱቦ ለሁሉም አትሆንም

የሐዋሳ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው።

ከፒያሳ እስከ አቶቴ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ አንዲት የተጨማደደች የቅባት ቱቦ አትጠፋም። ለልጅ ችፌ እሷ፣ ለጭርት እሷ፣ ለማድያት እሷ፣ ሠርግ ሲደርስ ፊት ለማቅላትም እሷው። ጎረቤት ከጎረቤት ይዋሳታል። ጀርባዋን ግን ማን ያነባል? ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ይላል። ስቴሮይድ ነው።

መድኃኒቱን አልጠላም። ችፌ ሲያሳክከው የሚያድር ልጅ እፎይ ብሎ የሚተኛው በእሱ ነው። ችፌ ላይ ቆዳው የሚቀላውና የሚያብጠው የሰውነት መከላከያ ያለ ልክ ሲቆጣ ነው። ስቴሮይዱ ሴሉ ውስጥ ገብቶ ያንን ቁጣ ያበርዳል፤ የደም ሥሮቹንም ያጠባል። መቅላቱ ይከስማል፣ ማሳከኩ ይተዋል።

ቁጣው ተገቢ ሲሆንስ? የእህቴ ልጅ ጉንጯ ላይ ጭርት ወጣባት። ገበያው አጠገብ ካለ ሱቅ ቱቦ ተገዛላት። በሦስተኛው ቀን መቅላቱ ጠፋ፤ ዳነች ብለን ደስ አለን። በሦስተኛው ሳምንት አንገቷ ድረስ ወርዶ ነበር። መልኩ ከመለወጡ የተነሳ ሐኪሙ ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ እስኪያየው ድረስ አልለየውም። ጭርት ፈንገስ ነው። ዘበኛውን አስተኝተን ሌባውን ያስገባነው እኛው ነን። እስካሁን ይቆጨኛል።

ለማቅላት የምትቀቡ ደግሞ ስሙኝ። ክሎቤታሶል ለስላሳ ከሚባለው ስቴሮይድ ከሃይድሮኮርቲዞን 600 እጥፍ ገደማ ይበረታል። ሐኪም ሲያዘው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሳምንት አያሳልፈውም። እናንተ ዓመቱን ሙሉ፣ ያውም ፊት ላይ! ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ እንደ ቀይ ክር ይወጣል፣ ብጉር ይፈላል። ዓይን አካባቢ ከተለመደ ግላኮማ፣ ማለትም ዓይን የሚያጠፋ የዓይን ነርቭ ሕመም፣ ሊያመጣ ይችላል። ስታቆሙት ፊታችሁ ይነድዳል፤ ያን ጊዜ ጨንቋችሁ መልሳችሁ ትቀባላችሁ። እህቶቼ፣ ጠይምነታችሁ ምን አጠፋ?

ችፌ ያለበት ልጅ ያላችሁ ግን ይህን ሰምታችሁ የታዘዘላችሁን እንዳትጥሉ። ከጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የወጣ ቅባት ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ሁለት የአዋቂ መዳፍ ከነጣቶቹ ለሚያህል ቆዳ ይበቃል። በተባለው ቦታ ላይ፣ ለተባለው ቀን ብቻ ቀቡት።

ለወራት ፊቱን ሲቀባ የኖረ ሰው ቱቦዋን ይዞ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ስንት ጊዜ እንደቀባችሁ አትደብቁት።